ዳኛዋ ያላሳለፈችው ተረት

ደራሲዋ አንድ የማይለቃት ልማድ አለባት፤ ተረት ከመጻፏ በፊት ታወራዋለች። የምታወራውም ላገኘችው ሰው ሁሉ አይደለም፤ ለልጅ ነው። ልጁ ካዛጋ፣ ጀርባውን ካሳከከው፣ ውሃ ጠማኝ ካለ ወይም የወንበሩን እግር በጫማው መምታት ከጀመረ ተረቱ ገና ጥሬ ነው፤ ተመልሶ ሆዷ ይገባል። ልጁ አፉን ከፍቶ ከቀረ ግን አለቀ። በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ትቀመጥና ቀና ሳትል ትጽፈዋለች። ከአዛውንት አፍ ለቃቅማ፣ አቧራውን አራግፋ፣ የጎደለውን ሞልታ እንደ አዲስ የተረከቻቸው ተረቶች የስንቱን ቤት ልጅ አስተኝተዋል። የገዛ ቤቷን ልጆች ግን አስተኝተው አያውቁም። እነሱ ለሥራ ነው የሚቀመጡት።

ድሮ ሥራው የልጇ ነበር። ልጇ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ ሰው ስትሆን ሹመቱ ለልጅ ልጇ ተላለፈ። ይቺ የልጅ ልጅ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ዓይኗ የማያርፍ፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አንዱን ጫማ ወዲህ ሌላውን ወዲያ ወርውራ እናቷ ከሥራ እስክትመጣ አያቶቿ ዘንድ የምትቆይ ልጅ ናት። "ዳኛዋ" ብሎ ስም ያወጣላት ወንድ አያቷ ነው። ስሙም በዚያው ተጣብቆ ቀረ፤ ስትፈርድ ይግባኝ የለማ።

ችሎቱ ሁሌም በአንድ ጥሪ ነው የሚከፈተው። ደራሲዋ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበሯ ላይ ተደላድላ "ጆሮ የት ነው?" ትላለች። ዳኛዋ ሁለቱን ጆሮዎቿን በሁለት እጆቿ ይዛ "እዚህ ነው" ትላለች። ከዚያ ወዲያ ቀልድ የለም።

ለአሳታሚው ቃል የተገባለት አዲሱ መጽሐፍ ሊያልቅ አንድ ተረት ብቻ ቀርቶታል፤ የሰባት በሩ ቤት ተረት። አንዲት ልጅ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ሰባት በር ባለው ቤት ብቻዋን ትቀራለች። ጭራቅ ይመጣና አንደኛውን በር ያንኳኳል። ልጅቷ "መጀመሪያ ይህን መልስልኝ" ብላ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ እሱ መልሱን ፍለጋ አገር ለአገር ዞሮ ይመለሳል፤ በሩን ሰብሮ ሲገባ ሁለተኛው በር ይጠብቀዋል። እንዲህ ሲል ሲል ሰባተኛው በር ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቅና እንቅልፍ ይጥለዋል። ደራሲዋ ይህን የሰማችው ከአንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ነው። ሴትየዋ ክሯን እየሳበች ቀስ ብላ ስታወራት፣ ደራሲዋ ያን ሁሉ ዕድሜዋን ተሸክማ ወንበሯን ከበሩ ራቅ አድርጋ ነበር ሰምታ የጨረሰችው። ደራሲዋ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ጭራቁን ምን እንደነካው እንጃ።

"አያስፈራም" አለች ዳኛዋ መጀመሪያ ስትሰማው።

ደራሲዋ ጭራቁን ግዙፍ አደረገችው። ጥርስ ጨመረችለት። የሚረግጠው መሬት እንዲንቀጠቀጥ አደረገች።

"አሁንም አያስፈራም። ያንቺ ጭራቅ ደግ ነው እማማ። እኔ ብሆን በሩን እከፍትለት ነበር።"

ነገሩ የድምፅ ነገር ነበር። የደራሲዋ ድምፅ ዕድሜዋን አልተከተለም፤ ቀጭንና ለስላሳ እንደሆነ ቀረ። ስልክ ስታነሳ የማያውቃት ሰው "እናትሽን ጥሪልኝ የኔ ልጅ" ይላታል። በዚህ ድምፅ እርግብም፣ ሙሽራም፣ የጠፋች ጥጃም ሆናለች፤ ልጆችም አምነዋታል። ጭራቅ ልሁን ስትል ግን ጉሮሮዋን ጠበብ አድርጋ መጎርነን ነበረባት፤ ስትጎረንን ደግሞ ሳል ያፍናታል።

"ጭራቁ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?" አለች ዳኛዋ አንድ ቀን። የደራሲዋ ባል ከወዲያኛው ክፍል እስኪሰማ ሳቀ።

ሳሉ ግን ሳቅ ሆኖ አልቀረም። ድምፅዋ ጠዋት ጠዋት እየተሰነጠቀ፣ ማታ ማታ እየጠፋ ሄደ። ብርድ ነው አለች፤ አቧራ ነው አለች፤ ልጇ እጇን ይዛ ሐኪም ቤት እስክታደርሳት ድረስ ያላመካኘችበት ነገር የለም። ሐኪሟ ቀጭን መሣሪያ በአፍንጫዋ አስገብታ ጉሮሮዋን አየችና ለራሷ የምታወራ ይመስል "አሃ" አለች። ከሐኪም አፍ እንደሚወጣ "አሃ" ያለ ክፉ ቃል ያለ አይመስለኝም። በድምፅ አውታሯ ላይ አንድ እብጠት በቅሏል፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ የወጣውም ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ ክፉ ይሁን ደግ ይታያል።

ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትእዛዝ ለደራሲዋ ከመቆረጡም የከፋ ነበር።

"መናገር የለም" አለች ሐኪሟ። "ማንሾካሾክም የለም፤ እንዲያውም እሱ ይብሳል። ጉሮሮ መጥረግ የለም። ጮክ ብሎ መሳቅ የለም።"

"እስከ መቼ?" አለ ባሏ።

"እኔ በቃ እስክል።"

ዳኛዋ ሕፃን ሳለች ፊደል የቆጠረችባትን ትንሽ ሰሌዳ ከነጠመኔዋ ይዛ መጣች። ገመድ አሰረችላትና የአያቷ አንገት ላይ አንጠለጠለችው። "ውሰት ነው" አለች። "ድምፅሽ ሲመጣ ትመልሽልኛለሽ።"

ባሏ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ጣቱ ወፍራም፣ ነገር የማይከብደው ሰው ነው። አሳታሚው ደውሎ "እንዴት ናቸው፣ መናገር ጀመሩ?" ሲለው "ኧረ አልጀመረችም። ከተጋባን እንዲህ ያለ ሰላም አይቼ አላውቅም" አለ። ጠመኔው መጥቶ ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ስልኩን ሲዘጋ ግን ፈገግታውም አብሮ ተዘጋ። ቤቱ ጭር ብሎበት ነበር። የሚሰማው ነገር ሳይኖር ሬዲዮኑን ከፍቶ ይተወዋል፤ ከጓዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ ሲል ይውላል፤ ደህና የሆነ ቧንቧ ፈትቶ መልሶ ያስራል። የላቦራቶሪው ውጤት ነገር ሲነሳበት "ደህና ነው፣ ደህና ነው" ይላል፤ ማንም ሳይጠይቀው ጭምር።

ደራሲዋ ደግሞ ፈራች። ፍርሃቷን ለራሷ አልደበቀችም። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ እንደገና ይቆርጧታል፤ እንደገና ከቆረጧት ድምፅዋ በዚያው ይሄዳል፤ ድምፅዋ ከሄደ ተረት በምን ታበስላለች? እስቲ ሳላወራው ልጻፈው ብላ ሞከረች። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ስታጠፋ ስትጽፍ ዋለች። ወረቀቱ ላይ የወጣው ጭራቅ ደረቅ ነበር፤ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው መስሎ በሩን አንኳኩቶ ቆመ። ወረቀቱን ጨምድዳ ጣለችው። ከዚያ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ ጮክ ብሎ ማልቀስ ይፈቀድ አይፈቀድ ሐኪሟን አልጠየቀችም ነበርና።

በዚህ መሃል ዳኛዋ በየቀኑ ትመጣለች። ጫማዋን ትወረውራለች፣ ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች፣ አያቷን ታያለች። አያቷ ሰሌዳው ላይ "ትምህርት እንዴት ነበር?" ብላ ትጽፍላታለች። ልጅቷ "ደህና" ትላለች። የሚያወራ ሰው ዝም ሲል ዝምታው ሁለት እጥፍ ነው፤ ሁለቱም ክፍሉ ውስጥ የሚያስቀምጡበት ቦታ ያጣሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባሏ ይህን ማየት አላስችል አለው። ሬዲዮኑን አጠፋ። ወንበር ስቦ ዳኛዋ ፊት ለፊት ዘፍ አለ።

"እኔ አወራልሻለሁ" አለ።

"አንተ?"

"ምን ይጎድለኛል? ይሄን የበሩን ተረት ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ ስንቴ ሰምቼዋለሁ።"

ሰምቶታል፤ ውሸት የለበትም። ግን የሰማው የከሰዓት ሸለብታውን እያጣጣመ ነው። መጀመሪያውን ሰምቶ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ መጨረሻው ላይ ይነቃል። የመሃሉ ነገር እሱ ዘንድ ወፍ የለም። ደራሲዋ ይህን ታውቃለችና ጠመኔዋን ብድግ አደረገች፤ እሱ ግን ሰሌዳውን እንዳያይ ወንበሩን አዞረ።

"ሰባት በር ያለው ቤት ነበር" ብሎ ጀመረና ቆመ። "ግን እስቲ አስቢው፣ ሰባት በር ምን ያደርጋል? ማነው የሠራው? ብርድ አያስገባም? ይቅር። ቤቱ አንድ በር ነበረው፣ እሱም ተቆልፏል። ስለዚህ ጭራቁ በበር አልመጣም።"

"በምን መጣ?"

"በቧንቧ።"

ዳኛዋ የወንበሩን እግር መምታቷን አቆመች። "በየትኛው ቧንቧ?"

"በዋናው ነዋ፣ ከመንገድ ወደ ቤት በሚገባው። መጀመሪያ ክንዱን ሰደደ። ከዚያ ጭንቅላቱን። ጭንቅላት ካለፈ ሌላው ያልፋል፤ እኔ ስንት ነገር ከቧንቧ አውጥቻለሁ፣ አውቀዋለሁ። ልጅቷ ግን ብልህ ናት። ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ታውቃለች። ስንት የተማረ ሰው አለ መሰለሽ፣ ሳሎኑ ሐይቅ ሆኖ መዝጊያውን አልጋ ሥር የሚፈልግ። እሷ ሄደች፣ ጠመዘዘች፣ ዘጋችው። ጭራቁ እዚያው ቀረ። ግማሹ ጓዳ፣ ግማሹ መንገድ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ።"

"መጣ?"

"'ነገ እመጣለሁ' አለ።"

"በነጋታው መጣ?"

"በነጋታውም 'ነገ እመጣለሁ' አለ። ጭራቁ ጠበቀ። ሠፈሩ ሁሉ መጥቶ አየው። እርጥብ ልብስ የሚያሰጡበት ሁሉ ነበሩ። ጭራቁ በስንተኛው ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ አንገቱን ብቅ አድርጎ 'እባካችሁ ሌላ ሰው ጥሩልኝ' አለ።"

ደራሲዋ ከዚህ ሰው ጋር ጎጆ ከወጣች ጀምሮ ስንት ሰው በሯን እያንኳኳ "ባለቤትሽ ነገ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር" እንዳላት ታውቃለች። ስንቱን አጽናንታ ሸኝታለች፤ ስንቱን ውሃ አጠጥታ መልሳለች። ሳቁ ከሆዷ ተነሳ። ጥርሷን ነከሰች። ትራስ አፏ ላይ አደረገች። አልሆነም፤ አመለጣት።

የወጣው ድምፅ ሳቅ አይባልም። ዘይት ካየ ዓመታት ያለፉት የብረት በር ሲከፈት የሚያሰማው ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ከባድ ዕቃ ሲሚንቶ ላይ የሚጎተት ይመስል ነበር። ዳኛዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ ወንድ አያቷ ጭን ላይ እስክትወጣ እግሯ መሬት የነካ አይመስልም።

"ምንድነው እሱ?" አለች ዓይኗ ፈጦ።

ባሏ ቀና ሲል ሚስቱን አየ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ሁለት እጆቿ ጉሮሮዋ ላይ ናቸው። የሆነው ነገር ወዲያው ገባው።

"እኔ ነኝ" አለ።

"አንተ አይደለህም። አፍህ ዝግ ነበር።"

"በሆዴ ነው ያወራሁት። ጭራቅ በሆድ ነው የሚናገረው፣ አታውቂም?"

ዳኛዋ ሆዱን በጥርጣሬ አየችው። ጆሮዋንም አስጠግታ አዳመጠች። "እንደገና አድርገው" አለች።

"በየቀኑ አይደረግም። ይደክማል።"

ልጅቷን እናቷ መጥታ ከወሰደቻት በኋላ ደራሲዋ የእጅ መስታወት ይዛ መስኮቱ ሥር ቆመች። ደም ፈለገች፤ ያገኘችው የለም። ቢሆንም ሰሌዳው ላይ "ተቀደደ" ብላ ጻፈች።

"አልተቀደደም" አለ ባሏ።

"በምን አወቅህ?" ብላ ጻፈች።

"የተቀደደ ነገር ያንጠባጥባል። አየሽ ሲንጠባጠብ?" አለና ሰሌዳውን ከእጇ ወስዶ ቁጭ አደረጋት። "ጥፋቱ የኔ ነው። ከእንግዲህ የማያስቅ ነገር ነው የማወራው።"

የሐኪሟ ቀጠሮ እስኪደርስ እሱ ከቆሻሻ ፍሳሽ በቀር ያወራው ነገር የለም። ዳኛዋ ግን አልተወችውም። ገና ጫማዋን ሳትወረውር "በሆድህ አውራ" ትለዋለች። ሰውየው ሆዱን ነፍቶ፣ ዓይኑን አጉረጥርጦ፣ ፊቱ እስኪቀላ ይሞክራል። "ይሄ ሆድ ቁርጠት ነው" ብላ ትፈርዳለች። "ያን ጊዜ የመጣው ነው የሚያስፈራው። እሱ የት ሄደ?" ደራሲዋ ይህን በሰማች ቁጥር ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ልጅቷ ያን ድምፅ ሰምታ ከእሷ ሸሽታ የባሏ ጭን ላይ እንዴት እንደወጣች ከዓይኗ አልጠፋ ብሏታል።

በቀጠሮው ቀን ሐኪም ቤቱ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባሏ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ያሽከረክረዋል። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ደራሲዋ ሐኪሟ "እንዴት ነዎት" ብላ ሳትጨርስ ሰሌዳውን አቀረበችላት። "ሳቅሁ" ይላል።

ሐኪሟ አነበበችው። "ምን አስቆዎት?"

"እኔ ነኝ" አለ ባሏ፣ ፖሊስ ጣቢያ የቀረበ ይመስል ተነስቶ ቆሞ።

ሐኪሟ ቀጭኑን መሣሪያ አስገብታ ረዘም ላለ ጊዜ አየች። ባሏ አሁን ደግሞ "አሃ" እንዳትል እየጸለየ ነበር። አላለችም። መሣሪያውን አውጥታ ጓንቷን አወለቀችና "በደንብ ድኗል" አለች። "ሳቁም ምንም አላደረገውም። ውጤቱም ጠዋት ደርሶኛል። ንጹሕ ነው። ክፉ ነገር የለበትም።"

ባሏ ዘፍ አለ። የተቀመጠበት የሐኪሟ ወንበር ጎማ ነበረውና ይዞት እስከ ግድግዳው ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ "ደህና ነው፣ ደህና ነው" አለ። ይሄን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለው እንጃ፤ አምኖ ሲለው ግን የመጀመሪያው ነው። እንባው በጉንጩ ወረደ፤ በባርኔጣው ጠረገው። ደራሲዋም ተከማችቶ የቆየ እስትንፋሷን ለቀቀችው። ርቧት እንደነበር እንኳ ገና አሁን ትዝ አላት።

"ከዛሬ ጀምሮ ቀስ እያሉ መናገር ይችላሉ" አለች ሐኪሟ። "እስቲ 'አ' ይበሉ።"

ደራሲዋ "አ" አለች። ያው የዛገው በር ነው የመጣው።

"እየዋለ እያደረ ይሻሻላል። ግን እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም።"

ደራሲዋ በአንገቷ አመሰገነቻትና ወጡ።

መንገዱ ላይ ሁሉም ነገር አማረላት። መስኮት የሚያጥበው ሰው አማረ፤ ጫማ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተደረደሩት ነጠላ ጫማዎች አማሩ፤ አውቶቡሱ የለቀቀው ጭስ ሳይቀር በሰላም እለፍ የሚባል ሆነባት። አለሁ እኮ፣ ትላለች በሆዷ፤ አለሁ። ባሏ ክንዷን ይዞ ወሬውን ይለቀዋል። እሷ ግን ትንፍሽ አላለችም።

"ተፈቅዶልሻል እኮ" አላት ጥቂት እንደሄዱ።

ቆም ብላ ሰሌዳውን ክንዷ ላይ አስደግፋ ጻፈች። "ድምፄን ሰማኸው አይደል? ልጅቷ ያን ቀን ሸሸችኝ።"

"አንቺን መች ሸሸች? ከጭራቅ ነው የሸሸችው።"

"ያው ነው" ብላ ጻፈች።

"እኔማ" አለ ባሏ፣ "ዕድሜዬን ሙሉ ሲያፏጭ፣ ሲያጓራ፣ ሲያስነጥስ የኖረ ቧንቧ ነው የሰማሁት። ላንቺ ድምፅ አልደነግጥም። አውሪልኝ።" እምቢ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ግድ አላላትም። እጇን ብቻ ጠበቅ አድርጎ ያዘና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከሰዓት በኋላ ዳኛዋ መጣች። ውጤቱን እናቷ በስልክ ሰምታ ነግራታለችና ሮጣ አያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ሰሌዳው መሃላቸው ገብቶ ሁለቱንም ወጋቸው። "ዳንሽ አሉ" አለች። ደራሲዋ አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ አንድ ነገር እንደምትጠብቅ ሁሉ አፍ አፏን ስታያት ቆየች። ደራሲዋ ጠመኔዋን አነሳች። ልጅቷ ይህን ስታይ ወደ ወንድ አያቷ ዞረች።

"በል፣ የጭራቁን።"

ባሏ ወንበሩን ሳበ። ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ ሰባት በር ባለው ቤት ብቻዋን ስትቀር አወራ፤ ሲመሽ አወራ፤ የሚቀርበውን የእግር ኮቴ በወፍራም ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ አስመታ። ዛሬ የቧንቧ ነገር አላነሳም።

"አንደኛው በር ላይ ደረሰ" አለ። "አንኳኳ። ከዚያ ጭራቁ እንዲህ አለ..."

ቆመ። አፉን ዘጋ። ሆዱንም አልነፋም። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከዳኛዋ ራስ በላይ ሚስቱን አያት።

"ምን አለ?" አለች ዳኛዋ። "አባባ፣ ምን አለ?"

ደራሲዋ የገዛ ባሏን በዓይኗ ልትገድለው ደረሰች። እሱ ግን ንቅንቅ የለም። ልጅቷ አሁን ካልሰማችው ነገ ትሰማዋለች፤ ነገ ካልሰማችው ከነገ ወዲያ። ድምፅ እስከ መቼ ተደብቆ ይኖራል? ገመዱን ከአንገቷ አወለቀች፤ ሰሌዳውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች።

"ጆሮ የት ነው?" አለች።

ዳኛዋ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ወደ ኋላዋ ሄደች፣ ሄደች፣ ጀርባዋ ከግድግዳው ጋር እስኪጋጭ። ደራሲዋ ዓይኗን ስትገልጥ ያየችው ይህን ነው። እጇ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ።

ከግድግዳው ሥር የልጅቷ ሁለት እጆች ቀስ ብለው ወጡና ሁለት ጆሮዎቿን ያዙ።

"እዚህ ነው" አለች በቀጭኑ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቆማታል። ደራሲዋ ጭራቁን አመጣችው። ጉሮሮዋን ማጥበብ አላስፈለጋት፤ መጎርነን አላስፈለጋት፤ እንዳለች አፏን ከፈተች፤ ሌላውን ጭራቁ ራሱ ሠራው። "ክፈቺልኝ" ሲል የቁም ሣጥኑ መስታወት የተንቀጠቀጠ ይመስላል። ባሏ ሳይታወቀው ወንበሩን ከበሩ ራቅ አደረገ።

ቀጥሎ የተረቱ ልጅ ተራ መጣ። ደራሲዋ "መጀመሪያ ይህን መልስልኝ" ልትል ሞከረች፤ እሱም በጭራቁ ድምፅ ወጣ። እንደገና ሞከረች፤ ባሰበት። ድሮ ሳትለፋበት ከአፏ ይወጣ የነበረው የልጅ ድምፅ የለም፤ ሄዷል። እዚያው ላይ ቆመች።

"ልጅቷ እንዲህ አታወራም" አለች ዳኛዋ ከግድግዳው ሥር።

"አውቃለሁ" አለች ደራሲዋ። "እምቢ አለኝ።"

"አንቺ ጭራቁን ብቻ ሁኚ። ልጅቷ እኔ ነኝ።" ዳኛዋ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። በሩን ከውስጥ የምትይዝ ይመስል ሁለት መዳፎቿን ዘረጋች። "መጀመሪያ ይህን መልስልኝ" አለች።

ቀጭንና ለስላሳ ነበር። ባሏ ወንበሩ ላይ ቀና አለ፤ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ሚስቱም ወደ እሱ። በስልክ "እናትሽን ጥሪልኝ" ያሰኘው ድምፅ ነበር፤ ያው ራሱ፤ ምንም አልጎደለውም። ልጅቷ ይህን አላወቀችም፤ እሷ በር እየጠበቀች ነው። ደራሲዋ የሄደ መስሏት ያለቀሰችለት ነገር እዚሁ ሳሎን ውስጥ ጥርሱ ወልቆ፣ ባዶ እግሩን ቆሟል።

"ጠይቂ" አለ ጭራቁ።

ጠየቀች። እያንዳንዱን በር አብረው ሄዱበት። ጥያቄዎቹን ልጅቷ ከራሷ አወጣች፤ አንዳንዱ ደራሲዋ ከልብስ ሰፊዋ የሰማችውን ያስንቃል። ጭራቁ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሰበረ፣ ደከመ። ሰባተኛው በር ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ፤ ማጉረምረም ሆነ፤ ማንኮራፋት ሆነ። ደራሲዋ ያንን ማንኮራፋት ከማን እንደተማረችው ባሏ ያውቃል።

"አለቀ" አለች ደራሲዋ።

ዳኛዋ አልፈረደችም። አላሳለፈችም፣ አልጣለችም። ደራሲዋ ሰሌዳውን ከነገመዱና ከነጠመኔዋ አንስታ ዘረጋችላት።

"ይኸው ውሰትሽ" አለች በዚያ ድምፅ። "መልሼልሻለሁ።"

ልጅቷ ሰሌዳውን አልተቀበለችም። መዳፎቿ ገና በሩ ላይ ናቸው፤ አፏም ተከፍቶ ቀርቷል፤ የወለቀው ጥርሷ ቦታ ይታያል።